አንዴ ተመትቶ ሁለቴ የተሰማው ክር
የተቀረጸ ዜማን በኮምፒዩተር አዘግይቶ ስለ መማር

መግቢያ

የአገራችን የክራር፣ የመሰንቆና የዋሽንት ዜማዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፉት በአብዛኛው በጽሑፍ ሳይሆን በጆሮ ነው። ተማሪው ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል፤ የመምህሩን ጣት ይመለከታል፤ ይሞክራል፤ ይታረማል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት መምህር ተጨምሯል። ይኸውም የተቀረጸ ድምፅ ነው። ይህ መምህር ቀንም ሌትም ያስተምራል፤ ቢያስደጋግሙትም አይሰለችም። ነገር ግን “እስቲ ዝግ ብለው ይድገሙልኝ” ቢሉት የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ዛሬ የድምፅ ማዘግያ ሶፍትዌር አለ። በዚህ ጽሑፍ ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚያሳስት እንመለከታለን።

የጽሑፉ መነሻ በራሳችን ላይ የደረሰ ስሕተት ነው። ከአንድ አሮጌ ካሴት ላይ አንዲት አጭር የክራር ዜማ ለመያዝ ተነሥተን ነበር። በዜማዋ መጨረሻ ላይ የደርዳሪው አዛውንት ጣት እጅግ ስለሚፈጥን ጆሯችን ሊከተላቸው አልቻለም። ስለዚህ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠን ፍጥነቱን ወደ 40 በመቶ አወረድነው። ያን ጊዜ ከመጨረሻዋ ቃና በፊት አንዱ ክር በጥድፊያ ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰማን። ይህችን ድርብ ምት ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻም አዛውንቱን ፈልገን አገኘናቸውና በፊታቸው ተጫወትን። እርሳቸውም በጽሞና ካዳመጡ በኋላ፡- “ልጆቼ፣ ደኅና አድርጋችሁ ይዛችኋታል። ይህችን ድርብ ምት ግን ከየት አመጣችኋት? እኔ ክሩን የነካሁት አንዴ ነው” አሉን። “አባባ፣ በካሴቱ ላይ አለች እኮ!” ብንላቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተቀበሉንም።

እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ነበር። ታዲያ ክሩን ሁለተኛ ጊዜ የመታው ማን ነው?

1. ካሴት በዝግታ ሲዞር

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚደረጉት ንዝረቶች ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ የሚለካውም በኸርዝ ነው። ድግግሞሹ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲቀንስ ይወፍራል።

በሰከንድ 440 ጊዜ የሚነዝር ክር በካሴት ተቀርጿል እንበል። ካሴቱን በግማሽ ፍጥነት ብናዞረው እነዚያው 440 ንዝረቶች ተሰምተው ለማለቅ 2 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ወደ ጆሯችን የሚደርሰው በሰከንድ 220 ንዝረት ይሆናል። ድግግሞሽ በግማሽ ሲቀንስ ቃናው አንድ ሙሉ ኦክታቭ ዝቅ አለ ይባላል። አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል እርከኖች የሚከፈል ስለሆነ፣ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብቻ ብናወርደው 440 ኸርዝ የነበረው 352 ኸርዝ ይሆናል፤ ይህም ወደ 4 እርከን የሚጠጋ ዝቅታ ነው። ከዚህ የምንረዳው በተራ አዟዟር ጊዜና ቃና የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ነው። አንዱን ስንጎትት ሌላው ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የሚለዩት በቃናዎቹ መካከል ባለው ርቀት፣ ማለትም የአንዱ ድግግሞሽ ለሌላው ሲካፈል በሚገኘው ውጤት ነው። ካሴቱ ሲዘገይ ሁሉም ቃናዎች በአንድ ዓይነት መጠን ስለሚወርዱ ይህ ውጤት አይለወጥም። ስለዚህ ባቲ ባቲ ሆኖ ይቀራል። የሚቸገረው ክራሩን እንደገና መቃኘት የሚኖርበት ተማሪ ነው። በግማሽ ፍጥነት ግን ይህም ችግር ይቃለላል፤ ቃናው ልክ አንድ ኦክታቭ ስለሚወርድ የክሮቹ ቅኝት እንዳለ ያገለግላል። በአሜሪካ የነበሩ የጃዝና የጊታር ተማሪዎች በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ16⅔ እያዞሩ ፈጣን ዜማዎችን ይይዙ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

2. የሸማኔው ዘዴ

ቃናውን ሳይነኩ ጊዜውን ብቻ ማስረዘም እንዴት ይቻላል? የነጠላ ጥለትን እናስብ። ጥለቱ የተሠራው ከሚለጠጥ ክር ቢሆንና ብንስበው ይረዝማል፤ ነገር ግን በላዩ ያለው ቅርጽ ሁሉ አብሮ ይለጠጣል። ካሴትን ማዘግየት ይህን ይመስላል። ሸማኔው ግን ጥለቱን ማስረዘም ሲፈልግ አይስበውም፤ ያንኑ ቅርጽ በዚያው መጠን ደጋግሞ ይሠራዋል። ሶፍትዌሩም የሚከተለው የሸማኔውን መንገድ ነው።

በሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ በቁጥር የተመዘገበ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን የቁጥር ሰልፍ ወደ አጫጭር ቁራጮች ይከፋፍለዋል፤ ከዚያም ቁራጮቹን እርስ በርስ በከፊል እንዲደራረቡ አድርጎ ይወስዳቸውና ቀድሞ ከነበሩበት አራርቆ ይደረድራቸዋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ያለው ንዝረት ስላልተነካ ቃናው አይወርድም፤ የሚረዝመው ጠቅላላው ጊዜ ነው።

ሐሳቡ ከዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ይቀድማል። ድምፅን እንደ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስብስብ መመልከት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1946 ያስረዳው በሀንጋሪ የተወለደው ዴኒስ ጋቦር ነው፤ እርሱም በሆሎግራፊ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1971 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግራንት ፌርባንክስና ባልደረቦቹ የሚሽከረከር ማንበቢያ ባለው ቴፕ ይህንኑ ሥራ ሠርተው አሳይተዋል።

ቁራጮች ሲቀጠሉ ግን መጋጠሚያው ላይ ችግር ይፈጠራል። የአንዱ ሞገድ ጫፍ ከሌላው ሞገድ ሸለቆ ጋር ከተገናኘ ይጠፋፋሉ፤ ድምፁም ይቆራረጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 ቨርሄልስትና ሩላንድስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ዘዴ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ቁራጭ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተተ ሞገዶቹ ይበልጥ የሚመሳሰሉበትን ቦታ ፈልጎ ይገጥማቸዋል። ጎበዝ ሸማኔም የጥለቱን ቅርጽ አስተያይቶ እንደሚቀጥል ማለት ነው።

3. ድርብ ምቷ ከየት መጣች?

አሁን ወደ አዛውንቱ ክራር እንመለስ። ነገሩን ለማቅለል እያንዳንዱ ቁራጭ 100 ሚሊሰከንድ ይሁን፤ ፍጥነቱም 40 በመቶ ይሁን። በዚህ ጊዜ ሶፍትዌሩ ቁራጮቹን የሚወስደው ከመጀመሪያው ቅጂ ላይ በየ40 ሚሊሰከንዱ ሲሆን፣ የሚያስቀምጣቸው ግን በአዲሱ ቅጂ ላይ በየ100 ሚሊሰከንዱ ነው።

የክሩ ምት በመጀመሪያው ቅጂ ላይ በ70ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ይገኛል እንበል። አንደኛው ቁራጭ ከ0 እስከ 100 ያለውን ስለሚይዝ ምቱ በአዲሱ ቅጂ ላይ በ70ኛው ሚሊሰከንድ ይሰማል። ሁለተኛው ቁራጭ ከ40 እስከ 140 ያለውን ይይዛል። ምቱ በዚህም ቁራጭ ውስጥ አለ፤ ከቁራጩ መነሻ 30 ሚሊሰከንድ ርቆ ይገኛል። ይህ ቁራጭ የሚቀመጠው ከ100ኛው ሚሊሰከንድ ጀምሮ በመሆኑ ምቱ በ130ኛው ሚሊሰከንድ እንደገና ይሰማል። ሦስተኛው ቁራጭ ከ80 ስለሚጀምር ምቱን አይዘውም። እነሆ፣ አንዴ የተመታው ክር በ60 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመታ!

የመሰንቆን ድምፅ ስናዘገይ ይህ ስሕተት ብዙም አይታወቅም። ጭራው ክሩን ሳያቋርጥ ስለሚያነዝረው ከድምፁ ጥቂቱ ቢደገም ጆሮ አይለየውም። የክራር ምት ግን በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ድንገት ይነሣና ቀስ በቀስ ይሞታል። የሚያሳስተን የዚህ ድንገተኛ አነሣስ መደገም ነው። የከበሮ ምትም እንዲሁ ነው።

4. የተሻለ ዘዴስ የለም ወይ?

ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 በቤል ላቦራቶሪ ፍላናጋንና ጎልደን ባቀረቡት ዘዴ ድምፁ በመጀመሪያ ወደ ልዩ ልዩ ድግግሞሾች ይተነተናል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ድግግሞሽ ለረዘመ ጊዜ እንደገና ይሠራል። ይህ መንገድ ምትን አይደግምም፤ ነገር ግን ስለቱን ያደበዝዘዋል።

የመደብዘዙ ምክንያት የፕሮግራም ሠሪው ስንፍና አይደለም። ሁለት የተቀራረቡ ድግግሞሾችን ለመለየት ድምፁን ለተወሰነ ጊዜ ማዳመጥ ግድ ነው፤ የሚያስፈልገውም ጊዜ በግምት 1 ሲካፈል ለድግግሞሾቹ ልዩነት ይሆናል። ለምሳሌ ያህል 220 ኸርዝንና ከእርሱ አንድ እርከን ከፍ የሚለውን 233 ኸርዝን እንውሰድ። ልዩነታቸው 13 ኸርዝ ስለሆነ ለመለየት 77 ሚሊሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተደረገው ምት በትክክል መቼ እንደተነሣ ማወቅ ደግሞ ያስቸግራል። ቁራጩን ብናሳጥር ጊዜውን እናውቃለን፤ ቃናውን ግን እናጣለን። ብናስረዝም ተቃራኒው ይሆናል።

የዛሬ ፕሮግራሞች ድንገተኛ ምቶችን ለይተው ሳያባዙ ለማሳለፍ ስለሚሞክሩ ከቀድሞዎቹ ይሻላሉ። ሆኖም ከላይ ያየነውን ወሰን አይሽሩትም። ከዚህም በላይ ማዘግየት በቅጂው ላይ ያልነበረ አዲስ እውቀት አይጨምርም፤ ያለውን ለጆሮ ያመቻቻል እንጂ።

5. ለተማሪው የሚበጅ አሠራር

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት የሚከተለውን አሠራር እናቀርባለን። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውና በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ ለዚህ ሥራ ይበቃል። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ “ቼንጅ ቴምፖ” የሚለው ትእዛዝ ቃናውን ጠብቆ ያዘገያል፤ “ስፒድ” የሚለው ግን እንደ ካሴት ቃናውንም አብሮ ያወርዳል።

ሀ) ዜማውን አስቀድመን በሙሉ ፍጥነት ደጋግመን እናዳምጥ፤ ማንጎራጎር እስክንችል ድረስ ወደ መሣሪያው አንሂድ።

ለ) ክራራችንን በቅጂው ቃና እንቃኝ። አሮጌ የካሴት ማጫወቻዎች ፍጥነታቸው ስለሚዛነፍ የምንሰማው ቃና ደርዳሪው ከተጫወተበት ጥቂት ሊለይ ይችላል፤ ቅኝቱ ግን አይለወጥም።

ሐ) ከ2 እስከ 4 ሰከንድ የሚሆን ሐረግ መርጠን በ75 በመቶ ፍጥነት እናስደጋግም። ካልተያዘልን ወደ 50 እንውረድ። ከዚያ በታች ስሕተቱ እየበዛ ስለሚሄድ የምንሰማውን እንጠራጠር።

መ) አጠራጣሪ ምት ከገጠመን ያንኑ ሐረግ በተራው መንገድ፣ ማለትም ቃናውም አብሮ እንዲወርድ አድርገን እናዘግየው። ይህ መንገድ ምንም ነገር ቆርጦ ስለማይቀጥል ምትን ሊደግም አይችልም። ድርቧ ምት በሁለቱም መንገድ ከተሰማች የደርዳሪው ናት፤ በአንደኛው ብቻ ከተሰማች የሶፍትዌሩ ናት።

ሠ) ሐረጉን ከያዝን በኋላ ፍጥነቱን በ5 በመቶ እየጨመርን ወደ ሙሉው እንመለስ፤ በመጨረሻም ከቅጂው ጋር አብረን እንጫወት። በዝግታ የተማሩት ዜማ በዝግታ ብቻ ከቀረ አካሄዱን ያጣል።

ረ) ደርዳሪው በሕይወት ካሉ ወይም ዜማውን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ በፊታቸው ተጫውተን እንታረም።

መደምደሚያ

እኛ የመጨረሻውን ምክር ስለፈጸምን ተረፍን፤ አራተኛውን ግን በጊዜው አላወቅነውም ነበር። ከአዛውንቱ ቤት እንደተመለስን ያቺን ሐረግ እንደ ካሴት ቃናዋን አውርደን ብናዘገያት፣ ክሩ በወፍራም ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ተመታ። ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ባንታረም ኖሮ ድርቧን ምት ለሌሎች እናስተምር ነበር፤ እነርሱም ከእኛ ቀርጸው ለሌሎች ያስተላልፏት ነበር። ያን ጊዜ በእውነተኛ ክራር ላይ የተመታች እውነተኛ ምት ስለምትሆን ቅጂውን አዘግይቶ የሚመረምር ሰው ሊለያት አይችልም። በካሴት ከቀሩልን ደርዳሪዎች ብዙዎቹ ዛሬ “እኔ የነካሁት አንዴ ነው” ሊሉን አይችሉም። ስለዚህ ከእነርሱ የምንማር ሁሉ ምስክሩን ራሳችን መፈለግ ይኖርብናል።

ጥያቄ ለአንባቢ፡- ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ፍጥነቱ 40 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 50 በመቶ ቢሆን፣ በ70ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ያለው ምት ስንት ጊዜና መቼ መቼ ይሰማል? ፍጥነቱ 75 በመቶ ቢሆንስ?

መልስ፡- በ50 በመቶ ሁለት ጊዜ፣ በ70ኛውና በ120ኛው ሚሊሰከንድ ይሰማል። በ75 በመቶ ሁለተኛው ቁራጭ ከ75 ስለሚጀምር ምቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ70ኛው ሚሊሰከንድ ይሰማል።