ከተረት የተወለዱ ቃላት

የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ብዙ አማልክትን ያመልኩ ነበር። ዛሬ ቤተ መቅደሶቻቸው ፈርሰዋል፤ አምልኮታቸውም ቀርቷል። ስለ አማልክቱ ይነገሩ ከነበሩት ተረቶች የወጡ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ቋንቋ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ከእነዚህ አንዱ «ፓኒክ» ነው። ፓን የእረኞች አምላክ ሲሆን፣ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፍየል ነበር ይባላል። ጭር ባለ ስፍራ መንገደኛ ወይም መንጋ ያለ ምክንያት ሲደነብር፣ ግሪኮች ያስደነገጠው ፓን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ልብ የሚያስት ድንገተኛ ፍርሃት «ፓኒክ» ተባለ።

የገደል ማሚቶ በእንግሊዝኛ «ኤኮ» ይባላል። ኤኮ በተረቱ የአንዲት ኮረዳ ስም ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እንደ ተረከው፣ ኤኮ ዩኖ የተባለችውን እንስት አምላክ በወሬ እያዘናጋች አታለለቻት። ዩኖም ተቆጥታ፣ ከሌላው አፍ የሰማችውን የመጨረሻ ቃል ከመድገም በቀር መናገር እንዳትችል ፈረደችባት። ኋላም ናርሲሰስ የተባለ መልከ መልካም ወጣት ፍቅሯን ስለ ናቀ፣ በሐዘን መንምና ሥጋዋ ጠፋ፤ ድምፅዋ ብቻ ቀረ። አማርኛም ይህን ድምፅ «ማሚቶ» ብሎ በሴት መጠሪያ መጥራቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ንጉሥ ታንታሉስ ደግሞ አማልክትን በመበደሉ፣ በሙታን ዓለም እስከ አገጩ ውሃ ውስጥ እንዲቆም ተፈረደበት። ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ውሃው ይሸሻል፤ ከራሱ በላይ ያንዣበበውን ፍሬ ሊቀጥፍ እጁን ሲዘረጋ ነፋስ ቅርንጫፉን ያርቅበታል። የሚመኙትን እያሳዩ መንሳት «ታንታላይዝ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1802 ዓ.ም. ስዊድናዊው ኬሚስት አንደርስ ኤኬበርግ አንድ አዲስ ብረት አገኘ። ብረቱ አሲድ ውስጥ ተነክሮ አሲዱን የማይጠጣ በመሆኑ «ታንታለም» ብሎ ሰየመው። ይህ ማዕድን በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቀንጢቻ ይገኛል። የተረቱ ንጉሥ ስም በዚህ መንገድ እስከ ኢትዮጵያ ምድር ዘልቋል።

የአንድን ቃል ፍቺ መዝገበ ቃላት ይነግራል፤ ቃሉ ለምን እንዲያ እንደ ተባለ የሚያስረዳው ግን ታሪኩ ነው። ታሪኩን ያወቀ ተማሪ ቃሉን በቀላሉ አይረሳውም።

ጥያቄዎች

1. የታንታሉስ ቅጣትና የ«ታንታለም» ጠባይ በምን ይመሳሰላሉ?
2. «ልብ የሚያስት» የሚለውን ሐረግ በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
3. «የገደል ማሚቶ» ስለሚለው ስያሜ አመጣጥ በአካባቢያችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።