የጅቡቲ ፀሐይና አቧራ ዓይንዎን እንዳይጎዱ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የጅቡቲ ከተማ ሙቀት ብዙ ቀን ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስም አቧራውን ያስነሣል፤ የባሕሩ ነጸብራቅ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጋል። ወደብ ላይ የሚሠራ፣ ከጋላፊ ድንበር ከባድ መኪና እየነዳ የሚገባ፣ ባልባላ ሰፈር መንገድ ዳር የሚነግድ ሰው ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ለዚህ ሁሉ የተጋለጠ ነው። ሆኖም አብዛኛውን ጉዳት በቀላል ልማድ መከላከል ይቻላል።

1. ጠዋት ፊትዎን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ። አንድ ቤት ለብዙ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፎጣ ይኑረው። በአገራችን በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ብዙዎችን ለዓይነ ስውርነት የዳረገው ትራኮማ የሚተላለፈው በእጅ፣ በጋራ ጨርቅና በዝንብ ነው።

2. ከቤት ሲወጡ መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ ያድርጉ። መነጽር ሲገዙ «ዩቪ 400» የሚል ምልክት ይፈልጉ። መስተዋቱ ስለጠቆረ ብቻ አይመኑት፤ ጨለማው ብሌንዎን ያሰፋዋል፣ ማጣሪያ ከሌለው ጎጂው ጨረር በሰፊው ይገባል። የፀሐይ ጨረር የዓይን ሞራ ያፋጥናል፤ ከነፋስና ከአቧራ ጋር ሲደመር ደግሞ ከነጩ የዓይን ክፍል ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋ ያስከትላል።

3. አቧራ ሲገባ አይሹት። እጅዎን ታጥበው ዓይንዎን እያርገበገቡ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። የተሰካ ብረት ወይም ስባሪ ካለ ግን አይንኩት፣ አይጫኑት፤ ሸፍነው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

4. ለሥራ የሚሆን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ብየዳ የራሱን ጭንብል ይፈልጋል። በረኪና ወይም ሲሚንቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ሐኪም ቤት ከመድረስዎ በፊት፣ እዚያው፣ የዓይንዎን ቆብ ከፍተው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ውሃ ያፍስሱበት። ዓይንን የሚያድኑት እነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ናቸው።

5. ድርቀትን ይቀንሱ። የኤሲውን ወይም የቬንቲሌተሩን ነፋስ ከፊትዎ ያዙሩ። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሲቆዩ በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ፤ ዓይንዎንም ያርገብግቡ።

6. ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዓይን ጠብታ አይግዙ፤ ከጓደኛ የተረፈውንም አይዋሱ። ኮርቲዞን ያለበት ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የዓይንን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ፣ እንዲሁም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም።

7. ሳያምዎ ይመርመሩ። ግላኮማ ሲጀምር አያምም። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ ወይም ከቤተሰብዎ ግላኮማ የያዘው ሰው ካለ የዓይን ግፊትዎን ያስለኩ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ዓይኑን በየዓመቱ ይታይ። ለእረፍት አገር ቤት ሲገቡም ምርመራውን ከጉዳይዎ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡት።

ድንገት እይታዎ ከቀነሰ፣ ብልጭታ ካዩ፣ መጋረጃ የወረደብዎ ከመሰለ፣ ወይም ከባድ ሕመምና መቅላት ካለ ነገን አይጠብቁ። በዚያው ቀን ወደ ጅቡቲ ከተማው ፔልቲዬ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቋንቋው ካስቸገረዎ ፈረንሳይኛ ወይም ሶማሊኛ የሚችል ሰው ያስከትሉ፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ምን ጠብታ እንደተጠቀሙ አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩ።