ፎርክሊፍትና ጫኝ በአንድ ግቢ፦ ለደባርቅና ለዳባት መጋዘኖች

የማዳበሪያ ወቅት ሲደርስ የመጋዘን ግቢ ምን እንደሚመስል የደባርቅም የዳባትም ሰው ያውቀዋል። ተሳቢው ከጎንደር ይገባል፤ አይሱዙው ወደ ጃናሞራና ደረስጌ ለመሻገር ተራ ይጠብቃል፤ ጫኝና አውራጆች 50 ኪሎ ጆንያ በትከሻቸው ይዘው ይመላለሳሉ። እዚህ መሃል ፎርክሊፍት ሲገባ ሥራው ይፈጥናል፣ አደጋው ግን መልኩን ይለውጣል። ወገብ የሚያጎብጠው ሸክም ይቀንስና ሰው ከማሽን ጋር የሚጋፋበት ሰዓት ይመጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ ይቀመጥ፦ ማሽኑ ሲሠራ ጫኙ ከመስመሩ ይውጣ፤ ጫኙ ሲሠራ ማሽኑ ይቁም። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ማን ይንዳው? የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አይበቃም። «ሲኖትራክ የነዳ ሰው ይህ አያቅተውም» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ እኔ ግን ጎበዝ የመኪና ሹፌር ይበልጥ ያሰጋኛል። መኪና በፊት ጎማው ይዞራል፣ ፎርክሊፍት በኋላው። መሪው ሲጠመዘዝ ጀርባው ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው መውጫ ያጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቅና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሥልጠናው ባዶ ግቢ ውስጥ፣ ባዶ ፓሌት በማንሳት ይጀመር።

ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ። ሹካዎቹ ስንጥቅ እንደሌላቸው፣ ሰንሰለቱ እኩል መወጠሩን፣ ከማሽኑ ሥር የዘይት ጠብታ አለመኖሩን እዩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ክላክስ፣ የደህንነት ቀበቶ። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ይሙቅ፤ ሹካውን ያለ ጭነት ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉት። በደባርቅ ብርድ ያደረ የሃይድሮሊክ ዘይት ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይታዘዝም። አንድ ጉድለት ከተገኘ ማሽኑ ይቆማል፤ ተሳቢው ተራ ቢጠብቅም።

ስንት ጆንያ? ማሽኑ ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ለምሳሌ 2,500 ኪሎ በ500 ሚሊ ሜትር ትል ይሆናል። ሁለተኛው ቁጥር ከሹካው ሥር እስከ ጭነቱ መሃል ያለው ርቀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ፎርክሊፍት በፊት ጎማው ላይ እንደሚወዛወዝ ሚዛን ነው፤ ጭነቱ ወደ ፊት በራቀ ቁጥር የሚችለው ይቀንሳል። ከፊት ጎማው መሃል እስከ ሹካው ሥር 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና የጭነቱ መሃል ከ50 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 2,500 የነበረው ወደ 2,260 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ጭነቱ ወደ ላይ ከፍ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ሰሌዳው በኪሎ ይናገራል፣ ግቢው በኩንታል ይቆጥራል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ማሽን 40 ጆንያ፣ ማለትም 20 ኩንታል ወሰን አድርጋችሁ ሁሉም በሚያየው ቦታ በቀለም ጻፉት። የኋላ ጎማ ቀለል ሲል «ሁለት ሰው ከኋላ ይቀመጥበት» የሚል ምክር ከመጣ ጭነቱን አውርዱ።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ልጨምር። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እንደ ቆላው አይጎትትም። ሹፌሩ ደከመብኝ ብሎ ነዳጅ ሲረግጥ መጋዘኑ በጭስ ይሞላል። በሮቹን በሁለቱም ወገን ክፈቱ፤ አንዱን ሠራተኛ ራስ ምታት ከጀመረው ሁሉም ይውጡ።

ጉዞና ዳገት። ሹካው ከመሬት 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ወደ ኋላም ዘንበል። ጭነቱ ዐይን ከጋረደ፣ በኋላ ማርሽ ይነዳል። በተዳፋት ላይ ጭነት ያለው ማሽን ምንጊዜም ጭነቱን ወደ ዳገቱ ያዞራል፦ ሲወጣ ወደ ፊት፣ ሲወርድ በኋላ ማርሽ። ባዶ ሲሆን ግን ተቃራኒው ነው፣ ሹካው ወደ ቁልቁለቱ ይሁን። ተዳፋት ላይ መዞር ክልክል ነው። ክረምት ላይ ጭቃው አንዱን ጎማ ከዋጠ ማሽኑ ሜዳ ላይም ቢሆን ሊገለበጥ ይችላልና፣ መስመሩን ቀድማችሁ በጠጠር ሙሉት፤ ካልሆነ የዚያን ቀን ጭነት በትከሻ ይውረድ።

ተሳቢው ሥር። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ፣ የመኪናው ቁልፍ የመጋዘን ኃላፊው እጅ ይቆይ። ሹፌሩ «አልቋል» ብሎ መኪናውን ሲያንቀሳቅስ ሹካው ገና ከጭነቱ ሥር ከሆነ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም። ረዳቱም ጫኙም ከመኪናው ላይ ይውረዱ። ፎርክሊፍቱን አይሱዙ ላይ ማውጣት አይታሰብ፤ 2.5 ቶን የሚያነሳ ማሽን ራሱ ከ3.5 ቶን በላይ ይመዝናል።

ቁልል። የማዳበሪያ ጆንያ ያዳልጣል። እንደ ጡብ እያጠላለፋችሁ ደርድሩ፣ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉ። ሹካ ላይ ሰው አይወጣም፣ ከተነሳ ሹካ ሥርም ማንም አያልፍም። ከላይ የተጣመመ ጆንያ ለማስተካከል መሰላል አለ።

ማሽኑ ከተጋደመ። አትዝለሉ። ብዙ ሹፌር የሚሞተው ዘሎ ከጣሪያው ብረት ሥር ሲገባ ነው። ቀበቶው እንደታሰረ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ወለሉ ላይ ተክላችሁ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ዘንበል በሉ።

ሥራ ሲያበቃ ሹካው ወለል ላይ ይረፍ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ቁልፉ ይነቀል። ለምሳ ዕረፍትም ያው ነው፤ ቁልፍ የተተወበት ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የጓጓ ወጣት ጫኝ ነው።