ተማሪ በተማሪ ሲዳኝ

በፈተና ክፍል ውስጥ ፈታኝ ባይኖር ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በመካከላችን በተነሣ ቁጥር መልሱ ብዙውን ጊዜ ሣቅ ነው። አጤሬራ በመዳፍ፣ በእጅጌ ውስጥና በማስመሪያ ጀርባ ሲጻፍ እያየን ላደግን ለእኛ፣ ፈታኝ የሌለበት ፈተና እንደ ተረት ቢሰማን አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ፈታኙ ወጥቶ ተማሪው ከወረቀቱና ከገዛ ቃሉ ጋር ብቻውን እንዲቀር ያደረጉ፣ ቃሉን አፍርሶ ሲገኝም በመምህራን ሳይሆን በተማሪዎች ሸንጎ እንዲዳኝ የደነገጉ የትምህርት ተቋሞች በዓለም ላይ አሉ። ከእነዚህም መካከል በዕድሜው አንጋፋ፣ በክርክሩም ብዛት የታወቀው በአሜሪካ አገር የሚገኘው የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ የክብር ኮሚቴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ይህንኑ ኮሚቴ ሲሆን፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት በነበረው በቶማስ ጄፈርሰን አማካይነት በ1819 ተመሥርቶ በ1825 ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰላም አልነበራቸውም። መጠጥ፣ ቁማርና የጦር መሣሪያ በግቢው ውስጥ የተለመዱ ነበሩ፤ ተማሪው መምህሩን፣ መምህሩም ተማሪውን አያምንም ነበር። በኖቬምበር 1840 አንድ ሌሊት ጭንብል አጥልቀው ከሚተኩሱት ተማሪዎች አንዱ፣ ሁከቱን ለማብረድ የወጡትን የሕግ መምህር ፕሮፌሰር ጆን ዴቪስን በጥይት መታቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሞቱ። በእርሳቸው ቦታ የተተኩት ሄንሪ ቅዱስ ጆርጅ ተከር በጁላይ 4 ቀን 1842 አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ተማሪው ፈተናውን ሲጨርስ ከማንም ምንም ርዳታ አለማግኘቱን በክብሩ አረጋግጦ በወረቀቱ ላይ ይፈርም የሚል ነው። የክብር ሥርዓት የሚባለው ነገር ሁሉ የበቀለው ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም። አንደኛው፣ ሥርዓቱ የተወለደው ከተማሪዎቹ መልካምነት አለመሆኑ ነው። የተወለደው ሬሳ ከወጣ በኋላ፣ ሁለት የማይተማመኑ ወገኖች ካደረጉት ዕርቅ ነው ቢባል ይሻላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ክብር» የተባለው ቃል በዚያን ጊዜ አጥር የነበረው መሆኑ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ግድግዳ የገነቡትና የተማሪዎቹን ክፍል የሚጠርጉት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ የእነርሱ ቃል በነጭ ላይ ምስክር ሆኖ በፍርድ ቤት አይቆጠርም ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ የገባው በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ1950 ሲሆን፣ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል የተፈቀደላቸው በ1970 ነው። ይህን የምንጠቅሰው ሥርዓቱን ለማጣጣል አይደለም፤ ኋላ የመጣው ክርክር ያለዚህ ታሪክ ስለማይገባ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ኮሚቴው የሚመለከታቸው ጥፋቶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ መዋሸት፣ ማጭበርበርና መስረቅ። የሰከረ ወይም የተደባደበ ተማሪ ጉዳዩ የሚታየው በሌላ የተማሪዎች ኮሚቴ ዘንድ ነው። የኮሚቴው አባላት በየትምህርት ክፍሉ በተማሪዎች ድምፅ ይመረጣሉ። ጉዳይ የሚመረምሩት፣ ለተከሳሹ የሚያማክሩት፣ በሸንጎው ፊት ቆመው የሚከራከሩትም ተማሪዎች ናቸው። ጥቆማ ከመምህርም ከተማሪም ሊመጣ ይችላል። ጥቆማው ሲደርስ መርማሪዎች ጠቋሚውን፣ ተጠቋሚውንና ምስክሮችን ያነጋግራሉ፤ ወረቀት ካለ ወረቀቱን ያመሳክራሉ። ከዚያም የኮሚቴው አባላት የሆኑበት አነስተኛ ጓድ ክስ ለመመሥረት በቂ ነገር መኖሩንና አለመኖሩን ይወስናል። በቂ ነው ከተባለ ነገሩ ለሸንጎ ይቀርባል።

በሸንጎው የሚጠየቁት ጥያቄዎችም ሦስት ናቸው። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይ? ተማሪው ድርጊቱ ጥፋት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ፣ ወይስ ሊያውቅ ይገባው ነበር? ሦስተኛው፣ ድርጊቱ ክብደት አለው ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንኛውም ዳኛ ይጠይቃቸዋል። ሦስተኛው ግን ለየት ያለ ስለሆነ ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። ክብደት ሲባል የስርቆቱ ዋጋ ወይም የተኮረጀው ጥያቄ ብዛት ማለት ብቻ አይደለም። ይህን ድርጊት በዝምታ ብናልፈው እርስ በርስ የምንተማመንበት ማኅበር ይፈርሳል ወይ ማለት ነው። ስለዚህ ፈራጁ የሚመዝነው ከፊቱ የቆመውን ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ በዚያው አዳራሽ የሚቀመጡትንም ሁሉ ነው። ሃያ ዓመት ላልዘለለው ወጣት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። እኛ በበኩላችን አምስት የቤት ሥራ ተሸክሞ በማግሥቱ ፈተና ያለበት ተማሪ ማታ ተቀምጦ የባልንጀራውን ዕድል ሲወስን መገመት ያስቸግረናል።

ሸክሙን ያከበደው ደግሞ ቅጣቱ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ በቨርጂንያ የክብር ጥፋት ቅጣት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከዩኒቨርሲቲው ለዘለዓለም መባረር ነው። ግማሽ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ደጋፊዎቹ ሲናገሩ፣ ክብር እንደ እንቁላል ነው፣ ከተሰበረ ተሰበረ፤ ቅጣቱ ደረጃ ከወጣለት ተማሪው ውሸቱን እየመነዘረ ዋጋ ያወጣለታል ይሉ ነበር። ክርክሩ ኃይል አለው። ነገር ግን በተግባር የታየው ሌላ ነበር። ፈራጆቹ ድርጊቱ መፈጸሙን እያመኑ፣ ልጁን ለዘለዓለም ማባረር ሲያሳዝናቸው «ክብደት የለውም» ብለው ይለቁት ጀመር። መምህሩም ኮራጁን ለሸንጎ ከመስጠት ይልቅ በቢሮው ጠርቶ ዜሮ ሰጥቶ ማለፍን ይመርጥ ነበር። ያየው ጓደኛውም ዝም ይል ነበር። እንግዲህ እጅግ የጠነከረው ቅጣት በሥራ ላይ እጅግ የላላ ሆነ ማለት ነው። በአገራችንም ቢሆን ከባድ ደንብ አውጥቶ ማንንም ያልቀጣ ማኅበር ስንት አለ!

በዚህ መካከል አንድ መውጫ በር ነበር። ማንም ሳይጠረጥረው፣ ማንም ሳይከሰው በፊት በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ ጥፋቱን የተናገረና የበደለውን ያስተካከለ ተማሪ ከክስ ነፃ ይሆናል። ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህ አንቀጽ እንግዳ ስላልሆነ ብዙ ማብራራት አያስፈልገንም። ችግሩ የበሩ ጥበት ነው፤ ጥቆማ ከደረሰ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን የተናገረም፣ እስከ መጨረሻው የካደም፣ ጥፋተኛ ከተባሉ በአንድ ዓይነት ይባረራሉ።

በ2001 የሆነው ነገር ይህን ሁሉ ገሃድ አወጣው። የፊዚክስ መምህር የሆኑት ሉዊስ ብሉምፊልድ የተማሪዎቻቸውን የጽሑፍ ሥራዎች እርስ በርስ የሚያስተያይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠርተው ቢያስኬዱት፣ ብዙዎቹ ወረቀቶች አንዱ ከሌላው የተገለበጡ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ ለኮሚቴው የቀረቡት ተማሪዎች 158 ነበሩ። ተማሪዎች የሆኑ መርማሪዎችና ዳኞች ይህን ሁሉ ጉዳይ አንድ በአንድ ለማየት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። አብዛኞቹ ነፃ ወጡ፤ ከነዚህም ሥራቸው ሳያውቁ የተገለበጠባቸው ይገኙ ነበር። ወደ ሃምሳ የሚጠጉት ግን ወይ ጥፋተኛ ተብለው፣ ወይ ራሳቸው ጥለው ሄዱ፤ ተመርቀው የነበሩ ጥቂቶችም ዲግሪያቸው ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ የለወጡትም ተማሪዎቹ ራሳቸው በድምፃቸው ነው። በ2013 ጥቆማ የደረሰበት ተማሪም ቢሆን ወዲያው ጥፋቱን ካመነ ሁለት ሴሚስተር ከትምህርት ርቆ እንዲመለስ ተፈቀደ። በማርች 2022 ደግሞ ድምፅ ከሰጡት ከአምስቱ እጅ አራቱን የሚበልጡት የዘለዓለም መባረርን አንሥተው በሁለት ሴሚስተር እገዳ ተኩት። በ2023 የጸደቀው ሕገ ደንብ ከዚህም አልፎ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ እንዲለያይ አደረገ፤ ጥፋተኛነትን የሚወስነውና ቅጣቱን የሚወስነው ጓድም ለየብቻ ሆኑ። መባረር ጨርሶ ባይጠፋም፣ ከጎኑ ጊዜያዊ እገዳ፣ የትምህርት ግዴታና የበደሉትን መካስ ቆመዋል። የድሮ ምሩቃን በዚህ ሲያዝኑ ተሰምተዋል፤ ክብር ረከሰ ብለው። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሁለቱን ጓዶች መለየቱ ብቻ እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ ፈራጁ ለልጁ አዝኖ እውነቱን እንዳይሸፍን ያደርገዋልና።

ሌላም ቁስል አለ። ማን ይጠቆማል? በቨርጂንያ ለረጅም ጊዜ የተነሣው ቅሬታ ጥቁር ተማሪዎች፣ የስፖርት ተጫዋቾችና ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎች ከቁጥራቸው በላይ ይጠቆማሉ የሚል ነው። ዓይን ጎልቶ የሚታየውን ቀድሞ ያያል። ሸንጎው ምንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ ወደ እርሱ የሚመጣውን የሚመርጠው የጠቋሚው ዓይን ነው። በምዕራብ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን አስቀድመው ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል። በተለይም በቤት ሥራ ላይ አብሮ መሥራት የተፈቀደና ያልተፈቀደ መሆኑን መምህሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል፤ አብሮ መብላትና አብሮ ማጥናት ለለመደ ልጅ የሁለት ሰው መልስ መመሳሰል ወንጀል መስሎ አይታየውምና።

ጥቆማን ካነሣን አይቀር፣ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይኸው ነው። በአንዳንድ ተቋሞች፣ ለምሳሌ በ1893 የክብር ደንብ ባወጣው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው አልኮርጅም ብቻ ሳይሆን ሲኮረጅ ካየሁ እናገራለሁ ብሎም ቃል ይገባል። በእኛ ቋንቋ «ጠቋሚ» እና «ጆሮ ጠቢ» የሚሉት ቃላት ስንት ቤት እንዳፈረሱ አዛውንቶቻችን ያውቃሉ። ሰው በጎረቤቱ ጥቆማ ከቤቱ ሲወሰድ ያየ ሕዝብ ጥቆማን በበጎ ሊሰማው አይችልም። ግን ደግሞ አያቶቻችን አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። በአካባቢው ስርቆት ወይም ቃጠሎ ሲደርስና ጥፋተኛው ሲጠፋ፣ አገሩ ሁሉ በአንድነት ተጠርቶ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየና የሰማ እንዲናገር ይጠየቃል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጆሮ ጠቢ በጨለማ ለባለ ሥልጣን ያንሾካሹካል፤ በአውጫጭኝ የሚናገረው ግን በሕዝቡ ፊት ለሕዝቡ ነው። የቨርጂንያው ሸንጎ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል፤ የከሰሰው ሰው ማንነት ለተከሳሹ አይደበቅም፣ ተከሳሹም ምስክሩን መጠየቅ ይችላል። አውጫጭኝ ፍጹም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ንጹሕ ሰው ከሥራው ተፈትቶ ቀናት ይውል ነበር፣ ቂም ያለውም በቂሙ ይመሰክር ነበር።

የክብር ደንብ በየቦታው ጸንቶ ቆሟል ብለንም አናታልል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደንብ ከ1921 ጀምሮ ፈታኝ በክፍል እንዳይቆም የሚከለክል ሆኖ ሳለ፣ ከ2023 ወዲህ ፈታኝን ለሙከራ መልሶ ማስገባት ተፈቅዷል። ሃርቫርድ ግን በተቃራኒው፣ በ2012 ከመቶ የሚበልጡ ተማሪዎች በአንድ የቤት ፈተና ተባብረዋል ተብለው ከተመረመሩ በኋላ፣ ከ2015 ጀምሮ ቀድሞ ያልነበረውን የክብር ደንብ አወጣ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ጽሑፍ የሚጽፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በሰው ሁሉ እጅ ገብተዋል፤ ከማን እንደተገለበጠ የማይታወቅ ወረቀት ለየትኛውም መርማሪ ፈተና ነው።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ሲሰረዝ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው በጥበቃ ሲፈተኑ አይተናል። ጥበቃው አስፈላጊ ነበር። ጥበቃ የማይደርስበት ግን ብዙ ቦታ አለ፤ የላቦራቶሪ ሪፖርት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማኅበር ገንዘብ መዝገብ።

ለሚቀጥለው ውይይታችን አንድ ምሳሌ እንተው። አንድ ተማሪ እናቱ ታመውበት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል አደረ። ጓደኛው አዝኖለት የላቦራቶሪ ሪፖርቱን «ለማየት ያህል» ሰጠው፤ እርሱም ሙሉውን ገልብጦ አስረከበ። ጓደኛው እንደሚገለብጠው አላወቀም፤ ግን አልጠረጠረም ለማለት ያስቸግራል። መምህሩ ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ መጥቷል። አሥራ ሁለት ሆነን ሸንጎ እንቀመጣለን፤ ከመምጣታችን በፊት እያንዳንዳችን ሦስቱን ጥያቄዎች ለሁለቱም ልጆች ለየብቻ መልሰን በወረቀት ጽፈን እንምጣ። ስም አይጻፍበትም።