ለታመመ እጅ የሚስማማ ብዕር

በየአጥቢያው ቃለ ጉባኤ ከሚይዙትና የክርስትና መዝገብ ከሚጽፉት አገልጋዮች መካከል በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱ አንዱ «ከእንግዲህ ጽሕፈቱን ለሌላ ስጡልኝ» ቢሉ፣ ጉባኤው አመስግኖ ሌላ ጸሐፊ ይመርጣል። ምክንያቱን ግን ጠይቀናልን? ዕውቀታቸው ሳይጎድል፣ ዓይናቸውም ሳይፈዝ፣ የደከመው ብዕሩን የሚጨብጠው እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጽሕፈቱን የተወ ሰው ቀስ በቀስ ከጉባኤውም እንዳይቀር፣ አጥቢያው በራሱ አቅም ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ።

ሕመሙና ቀጭኑ እስክሪብቶ

ሕዝባችን በጥቅሉ «ቁርጥማት» የሚለው የመገጣጠሚያ ሕመም ልዩ ልዩ ዓይነት አለው። አንደኛው ከዕድሜ ጋር የመገጣጠሚያው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው፤ በእጅ ላይ በተለይ የአውራ ጣትን ሥርና ለጥፍር የሚቀርቡትን አንጓዎች ያጠቃል። ሌላው የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሣ የሚከሠት ብግነት ነው፤ ይህም በተለይ ጠዋት ጣቶችን አስሮ ያቆያል። ጠባያቸው ቢለያይም፣ ቀጭን ነገርን አጥብቆ መያዝ በሁለቱም ሕመሙን ያብሳል።

የተለመደው እስክሪብቶ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዳይንሸራተት ጣቶች አብዝተው ይታጠፋሉ፣ ይጨምቁማል። መያዣው ሲወፍር ግን ጣቶች ተከፍተው ያርፋሉ። ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊ መቃውን ራሱ ቆርጦና ቀርጾ ለእጁ እንዲስማማ ያዘጋጃል፤ መሣሪያው ለእጅ ይታዘዛል እንጂ እጅ ለመሣሪያው አይታዘዝም።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ተጭነው ሳይጽፉበት ቀለሙ በቀላሉ የሚወርድ እስክሪብቶ ይመረጥ። ጄል የሚባለው ከተራው ይልቅ ይሻላል።

ቀጥሎ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በስስ ስፖንጅ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ ከሚወጣው ከመነዳሪ በተቆረጠ ጠባብ ጥብጣብ ላዩን ማሰር ነው። ጎማው እጅን ከመንሸራተት ይጠብቃል። አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ።

ጣታቸውን ማጠፍ ለማይችሉ ደግሞ እስክሪብቶው በትንሽ የስፖንጅ ኳስ መካከል ተበስቶ ይለፍ፤ ኳሱን በመዳፍ ይዘው ይጽፋሉ።

መለኪያው የባለቤቱ እጅ ነው። ሁለት ሦስት መስመር ካስጻፍን በኋላ «አውራ ጣትዎን ያምምዎታልን?» ብለን እንጠይቅ፤ እንደ መልሱም እንጨምር ወይም እንቀንስ። ከልክ በላይ የወፈረም ያደክማልና።

አያያዝና ዕረፍት

የአውራ ጣታቸው ሥር የሚያምማቸው ብዕሩን በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት መካከል አሳልፈው ቢይዙት፣ በአውራ ጣት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። መዝገቡን እንደ አትሮንስ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ ማኖር አንገትን ከመጉበጥ ያድናል። ጽሕፈቱ በአጭር በአጭሩ ተከፍሎ በመካከሉ እጅ ይረፍ።

ይህ ብዕር ሕመሙን ያቀላል እንጂ አያድንም። አንጓው ካበጠና ከሞቀ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም የጠዋቱ መተሳሰር ለረጅም ሰዓት ከቆየ፣ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። ብግነቱ በጊዜ ሲታከም አንጓው ከመበላሸት ሊጠበቅ ይችላልና።

ለኮሚቴው ውይይት

በአጥቢያችን በእጅ ሕመም ምክንያት ጽሕፈት የተዉ፣ ወይም መፈረም ትተው በአውራ ጣት አሻራ ብቻ የሚያጸድቁ አሉን? ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መካከል ይህን ብዕር አዘጋጅቶ ወደ ቤታቸው የሚወስድላቸው ማን ነው? በሚቀጥለው ስብሰባ ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ አኑረን፣ ጸሐፊያችን የነበሩትን እንጥራቸው።