ጥያቄና መልስ፦ ሥዕሉን አይተው ያወራሉ፣ ሲጽፉ ግን ይቸገራሉ

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የ3ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ጽሕፈታቸው ያምራል። «ከራሳችሁ ጻፉ» ስላቸው ግን አብዛኞቹ ስለ ላም የሚያውቋቸውን አራት ዓረፍተ ነገሮች ይደግማሉ። የሥዕል መጽሐፍ ሳሳያቸው ክፍሉ በወሬ ሞቀ፤ ደብተር ሲወጣ ግን መጽሐፉን ራሱን መልሰው ጻፉልኝ። አንዱ ልጅ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ያለቅሳል። ሥዕሉ የራሳቸውን ሐሳብ እየነጠቃቸው ይሆን?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ለልጆቹ በጎ ብለው ያመጡት መጽሐፍ ጎድቷቸው እንደሆነ መስጋትዎ ተገቢ ነው። ከጻፉልኝ ስነሳ ግን ሥዕሉ አልጎዳቸውም። ክፍሉ በወሬ መሞቁ ልጆቹ ሐሳብ እንዳላቸው ያሳያል። የተቸገሩት ሐሳቡን ከአፋቸው ወደ ወረቀት በማድረስ ነው። የሚያለቅሰው ልጅ ጉዳይ የተለየ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

የ8 እና የ9 ዓመት ልጅ ሲጽፍ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ልጁ ከእነዚህ መካከል ትክክለኛውን ይመርጣል፣ መስመር ይጠብቃል፣ ቃላት ይለያያል፣ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ታሪኩንም መርሳት የለበትም። ባለሙያዎች «የሥራ ትውስታ» የሚሉት አለ፤ አእምሮ አንድ ነገር እየሠራ ሳለ የሚያስፈልገውን ለጊዜው ይዞ የሚቆይበት አቅም ማለት ነው። ይህ አቅም በልጅ ላይ ጠባብ ነው። ፊደሉ ገና ከእጁ ካልተዋሐደ አቅሙን ፊደሉ ይወስደውና ታሪኩ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ስለ ላም የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ቀይ እስክርቢቶ ነክቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ልጁ ወደዚያው ይሸሻል። መጽሐፉን መልሰው መጻፋቸውም በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ከአያቱ ተረት የሰማ ልጅም መጀመሪያ እንደሰማው ይነግራል፤ ቆይቶ ነው ጅቡን በአንበሳ የሚተካው።

መጽሐፉን መምረጥ ላይ ግን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። ቃላቱ ሥዕሉ የሚያሳየውን ሁሉ ከተናገሩ ለልጁ የሚቀርለት ነገር የለም። ለፈጠራ ጽሑፍ የሚበጀው ክፍተት የሚተው መጽሐፍ ነው። ክሪስ ቫን አልስበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊና ደራሲ በ1984 እ.ኤ.አ. «የሃሪስ በርዲክ ምስጢሮች» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ 14 የጥቁርና ነጭ ሥዕሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ርእስና አጭር መግለጫ ብቻ አለው። ታሪኮቹ የሉም። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ እንደተተረከው ሃሪስ በርዲክ የተባለ ሠዓሊ ሥዕሎቹን ለአንድ አሳታሚ ትቶ ሄዶ አልተመለሰም፤ ታሪኩን መሙላት የአንባቢው ሥራ ሆነ። መምህራን ለድርሰት ክፍለ ጊዜ የወደዱት ስለዚህ ነው። የዴቪድ ዊዝነር «ማክሰኞ» (1991 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከጥቂት የሰዓት መግለጫዎች በቀር ጽሑፍ አልባ ነው፤ እንቁራሪቶች በውኃ ላይ ቅጠሎች ተቀምጠው በሌሊት ከተማ ላይ ይበርራሉ። እነዚህን መጻሕፍት ባያገኙ አያስቡ። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በአማርኛም የሥዕል ታሪኮችን በነጻ ያቀርባል፣ አትሞ መጠቀምም ይፈቅዳል። በእጅዎ ያለውን መጽሐፍም ቢሆን ጽሑፉን በወረቀት ሸፍነው ማሳየት ይችላሉ።

ክፍሉ ብዙ ተማሪ፣ መጽሐፉ ደግሞ አንድ ከሆነ በመደዳዎቹ መካከል እየተዘዋወሩ ቀስ ብለው ያሳዩ። መጨረሻ ሳይደርሱ መሐል ላይ ይዝጉት፤ መጨረሻውን ያላየ ልጅ ሊገለብጠው አይችልም። ከዚያ «ምን ታያላችሁ?» ብቻ ብለው አያብቁ። ይህ ሥዕል ከመሆኑ በፊት ምን ሆነ? በሥዕሉ ያልታየው ማን ነው? እናቱ ብታየው ምን ትል ነበር? ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መልሱን መጀመሪያ በቃል ይነጋገሩበት። በአካባቢዎ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ወይም አርጎብኛ የሚናገሩ ልጆች ይኖራሉ፤ በቤታቸው ቋንቋ ቢጀምሩ ምንም ነውር የለበትም፤ ታሪኩ አንዴ ከተሰካካ አማርኛው ይከተላል። ለመጻፍ የሚያስፈልጋቸውን ቃል ሲጠይቁዎ በሰሌዳው ጥግ ይጻፉላቸው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ እንዲለውጡ ይጠይቁ። ለምሳሌ የ«ማክሰኞ» እንቁራሪቶች ከቦርከና ወንዝ ተነሥተው ቢበርሩ በየትኛው ሰፈር ያልፋሉ? ማንስ ያያቸዋል? ልጁ የሚያውቀው ሰፈር ሲገባበት ታሪኩ የራሱ ይሆናል።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀይ እስክርቢቶዎን ያስቀምጡ። ልጁ የጻፈውን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡለት፤ ስለ ታሪኩ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይጠይቁት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይታረም፤ ለምሳሌ አራት ነጥብ። ሁለት ሉክ ወረቀት ደርበው ከመሐል አጥፈው በክር ቢሰፉት ባለ 8 ገጽ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ በመጽሐፍ መልክ ለጓደኛ የሚነበብ ነገር ሲጽፉ ለእርማት ያላቸው ፈቃደኝነት ይጨምራል። በእያንዳንዱ ታሪክ መጨረሻ «ምን ተማራችሁ?» ማለቱን ግን ለጊዜው ቢተዉት እወዳለሁ፤ ልጆቹ መምህሯ የምትፈልገውን ምክር ፍለጋ ታሪኩን ይጥሉታል።

አሁን ወደሚያለቅሰው ልጅ። ለብቻው አጠገብዎ አስቀምጠው አንድ ሥዕል ያሳዩትና ታሪኩን ይንገርዎ፤ እርስዎ ቃል በቃል ይጻፉለት። የነገረዎ ታሪክ የተሟላ ከሆነ ችግሩ ከጽሕፈቱ ወይም ከፍርሃቱ በኩል መሆኑ አይቀርም። ሲናገርም ቃል የሚያጥረውና ጥያቄዎን የሚያስደግም ከሆነ ግን ቋንቋውንና የመስማት ችሎታውን ማየት ያስፈልጋል።

ሀ፣ ሐ እና ኀን ወይም ሰ እና ሠን ማደባለቅ አያስጨንቅዎ፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አዋቂም ያደባልቃቸዋል። የሚያሳስበው ከወራት ድጋፍ በኋላም ካዕብንና ሳልስን አለመለየት፣ ከቃል መሐል ፊደል መዝለል፣ ራሱ የጻፈውን ማንበብ አለመቻል፣ ጥቂት ጽፎ «እጄን አሞኛል» ማለት ነው። እነዚህ የዲስግራፊያ (ከስንፍና ጋር የማይያያዝ የመጻፍ ችግር) ወይም የዲስሌክሲያ (የማንበብና ፊደልን ከድምፅ የማገናኘት ችግር) ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙን ግን እርስዎ አይስጡት፤ ያ የመርማሪው ባለሙያ ሥራ ነው። ደብተሩን ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋ ወይም ሰሌዳውን ዓይኑን አጨንቁሮ የሚያይ ልጅ አስቀድሞ የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ደኅና ይጽፍ የነበረ ልጅ በድንገት ሲያቆም፣ በጽሕፈት ቀን ሆዱን እያመመው ከትምህርት ቤት ሲቀር፣ ወይም ምንም ሥዕል ቢያሳዩት ታሪኩ ወደ እሳትና ሞት ሲመለስበት ሳይዘገዩ ወላጆቹን ያነጋግሩ። ከተማዎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደርሶባታል፤ ልጆቹ ራሳቸው ባያስታውሱት እንኳ በቤት ሲወራ ይሰማሉ። እንዲህ ያለውን ታሪክ አያርሙት፣ በክፍል ፊትም አያስነብቡት። ልጁን ለብቻው በጸጥታ ያዳምጡት፤ የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጥበትን ቦታ ከጤና ተቋም ይጠይቁ።

ወላጆቹን ሲያነጋግሩ ልጁ በቃል የነገረዎን ታሪክ በማንበብ ይጀምሩ፤ ልጃቸው የሚችለውን አስቀድመው ከሰሙ ስለሚቸገርበት ነገር ሳይደናገጡ ያወራሉ። ትምህርት ቤትዎ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ካለው ወደ እሱ፣ ከሌለው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይጠይቁ፤ የዓመቱን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ሲሄዱ የልጁን ደብተርና እርስዎ የጻፉለትን ታሪክ አንድ ላይ ይያዙ። ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው።