እንቅፋት በመኪና ማቆሚያ፦ የጥቂት ሚሊሜትሮች ፊዚክስ

በአማርኛ «ሰውየው ድንጋይ መታ» አይባልም፤ «ሰውየውን እንቅፋት መታው» ነው የሚባለው። ድንጋዩ ቆሞ፣ እግር እየተንቀሳቀሰ፣ መቺው ድንጋዩ መሆኑ ለሰዋስው ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለፊዚክስ ተማሪ ግን የሚያስገርም ነገር የለበትም። ከጋሊልዮ ጀምሮ እንደሚታወቀው እንቅስቃሴ አንጻራዊ ነውና ከእግሩ ጋር ለሚጓዝ ተመልካች ገሥግሦ የሚመጣው ድንጋዩ ነው። አንድ ደንበኛ በንግድ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተደናቅፎ እጁ ቢሰበር በእርሱና በሕንፃው ባለቤት መካከል የሚነሣው ክርክርም ከዚህ አይርቅም፦ ማን ማንን መታ? የተለመደው መልስ «አይተው አይሄዱም እንዴ?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ተግሣጽ ምን ያህል ሳይንሳዊ መሠረት እንዳለው ለመመርመር እንሞክራለን።

እግራችን ከመሬት ምን ያህል ይነሣል?

ብዙ ሰው ሲራመድ እግሩን ከፍ አድርጎ የሚያነሣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተለየ ነው። በደልዳላ መሬት ላይ የሚወዛወዘው እግር በጉዞው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ከጣቶቹ በታች የሚቀረው ክፍተት በግምት ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ክፍተቱ እጅግ የሚጠበው እግሩ በከፍተኛ ፍጥነት በሚወነጨፍበት ቅጽበት ሲሆን፣ ያም ፍጥነት ከመላ አካላችን ፍጥነት ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በሰከንድ 1.3 ሜትር የሚራመድ ሰው እግሩ በዚያች ቅጽበት በሰከንድ 4 ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። ተፈጥሮ ኢነርጂ ስትቆጥብ ለስሕተት የተወችልን ቦታ ጥቂት ነው።

ክፍተቱ ከእርምጃ እርምጃ ይለያያል። ለስሌት እንዲመቸን አማካዩን 15 ሚሜ፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑን 4 ሚሜ፣ ሥርጭቱንም ኖርማል አድርገን እንውሰድ። መሬቱ ላይ 3 ሚሜ ከፍታ ያለው ጠርዝ ቢኖር የእግር ጣት ከጠርዙ በታች የመሆን ይሆንታው 0.13 በመቶ፣ ማለትም ከ1000 እርምጃ በአንዱ ገደማ ነው። ጠርዙ 6 ሚሜ ሲሆን ይሆንታው 1.2 በመቶ፣ 12 ሚሜ ሲሆን ደግሞ 23 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ6 ወደ 12 ሚሜ ስንሄድ ከፍታው በእጥፍ ሲያድግ አደጋው ወደ 19 እጥፍ አደገ! እርግጥ ነው፣ የእግር ዝቅተኛው ነጥብ ሁልጊዜ በትክክል ጠርዙ ላይ ስለማያርፍ በተግባር ቁጥሮቹ ያነሱ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለው የንጽጽር ጠባይ ግን አይለወጥም። «ይህቺ ምን አላት፣ ጣት አታክልም» የሚባልላት ስንጥቅ ለእግር ተራራ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ግን ሰውየው ጠርዙን ሳያየው ሲቀር ነው። 15 ሳንቲሜትር ደረጃ ያየ ሰው እግሩን አንሥቶ በሰላም ያልፋል። ስለዚህ እጅግ አደገኛው ከፍታ ትልቁ ሳይሆን ለማየት ትንሽ፣ ለመምታት ግን በቂ የሆነው ነው።

ከተመታን በኋላ

የቆመ ሰው በግልብጥ እንደቆመ ፔንዱለም ነው። የስበት ማዕከሉ ከመሬት 0.95 ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ የርዝመቱና የመሬት ስበት ሽምጠጣ ውድር ስኩዌር ሩት 0.31 ሰከንድ ይሆናል። በየ0.31 ሰከንዱ የሰውየው ማዘንበል በ2.7 ያህል ይባዛል፤ በ0.6 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። ጡንቻዎች ምላሽ መስጠት የሚጀምሩት ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላኛው እግር ወደ ፊት መድረስ አለበት። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ይደርስበታል። አረጋዊው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃን ያዘለችው እናት ላይደርሱበት ይችላሉ።

«ቀስ ብሎ መሄድ ነዋ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ኢነርጂውን እናስላ። 70 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው በሰከንድ 1.3 ሜትር ሲራመድ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 59 ጁል ነው። የስበት ማዕከሉ በ0.85 ሜትር ዝቅ ሲል የሚለቀቀው ኢነርጂ ግን 580 ጁል ያህል ነው። አጥንት የሚሰብረው ችኮላችን ሳይሆን ቁመታችን መሆኑን ልብ ይሏል፤ ቀስ ብሎ የወደቀም ከዚያው ከፍታ ነው የወደቀው።

አይቶ መሄድ ይቻላልን?

የመኪና ማቆሚያ ከሌላው መንገድ የሚለየው ሰው እጁ ሞልቶ የሚሄድበት ስፍራ በመሆኑ ነው። ዓይኑ ከመሬት 1.55 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው ካርቶን ታቅፏል እንበል። የካርቶኑ የላይኛው የፊት ጠርዝ ከዓይኑ 0.40 ሜትር ወደ ፊት፣ 0.35 ሜትር ወደ ታች ቢሆን በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ መሠረት ከ1.77 ሜትር ወዲህ ያለው መሬት በሙሉ ይሰወርበታል። ይህ ሁለት እርምጃ ተኩል ያህል ነው። ጠርዙን ለማለፍ ሰውየው ከሁለት እርምጃ በፊት ያየውን በቃሉ መያዝ አለበት፤ ያውም ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና እየጠበቀ።

ብርሃኑንም እንመልከት። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። 50 ሉክስ ወዳለው ቤዝመንት የሚገባ ሰው በጥቂት እርምጃ ውስጥ የብርሃኑ መጠን በ2000 እጥፍ ይቀንስበታል፤ ዓይን ደግሞ ለጨለማ የሚለማመደው በደቂቃዎች እንጂ በሰከንዶች አይደለም። የመንገድ ዋሻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ቀን ቀን የዋሻውን መግቢያ ከውስጡ ይልቅ የሚያደምቁት ይህን አውቀው ነው። በየቤዝመንቱ ግን መብራቱ ቀን ጠፍቶ ማታ ሲበራ ይታያል።

አንድ ነገር ከወለሉ ተለይቶ የሚታየው በድምቀት ልዩነት ነው። ግራጫ የኮንክሪት ብሎክ በግራጫ የኮንክሪት ወለል ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም የሚያንጸባርቁት የብርሃን ድርሻ እኩል ነውና የመብራቱን ኃይል በእጥፍ ብናሳድገው ሁለቱ አብረው ይደምቃሉ እንጂ ልዩነት አይፈጠርም። ከጎን የሚመጣ ብርሃን በጥላው ሊያግዝ ይችላል፤ በቀጥታ ከአናቱ የተንጠለጠለ መብራት ግን ጥላውንም ያጠፋዋል። አንድ ጣሳ ቢጫ ቀለም ከአሥር አምፖል ይበልጣል የምንለው ለዚህ ነው።

ይህ በተለይ የሚመለከተው ጎማ እንዳያልፍ በየመኪናው ቦታ ራስጌ የሚደረደሩትን ብሎኮች ነው። መኪናው ሲቆምባቸው ይሸሸጋሉ፤ ሲሄድ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ኤኤስቲኤም ኤፍ 1637 የተሰኘው የአሜሪካ የመራመጃ ወለል መመሪያ ማቆሚያዎች ያለ እነዚህ ብሎኮች እንዲነደፉ ይመክራል። ከተቀመጡም ከፍታቸው ከ16.5 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 91 ሳንቲሜትር ማለፊያ እንዲኖር፣ ቀለማቸውም ከወለሉ የተለየ እንዲሆን ይጠይቃል። የወለል ጠርዝን በተመለከተ በዚያው አገር የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደንብ እስከ 6.4 ሚሜ ያለውን እንዳለ ይፈቅዳል፤ ከዚያ እስከ 12.7 ሚሜ ያለው በአንድ ለሁለት ተዳፋት እንዲሸረፍ፣ ከዚህ የበለጠው ራምፕ እንዲሠራለት ያዛል። ከላይ ካሰላናቸው 6 እና 12 ሚሜ ጋር ማነጻጸሩን ለአንባቢ እንተዋለን።

ኃላፊነቱስ?

እኛ የሕግ ባለሙያዎች ባንሆንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጾች ለማንኛውም አንባቢ ግልጽ ናቸው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል። አንቀጽ 2077 ደግሞ ከዚህ አልፎ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። በሌላ በኩል በአንቀጽ 2098 መሠረት ተጎጂው በከፊል ጥፋተኛ ከሆነ ካሣው በከፊል ብቻ ይሆናል፤ «አይተው አይሄዱም እንዴ?» የሚለው ክርክር የሚገባው በዚህ በር ነው። የካሣ ጥያቄው መቅረብ ያለበትም ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 2143)። በር ላይ «ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ሰሌዳ የሚሰቅሉ አሉ፤ ሰሌዳው በፍርድ ቤት ያለውን ዋጋ ዳኞች ይወስኑ፣ በመሬት ስበት ዘንድ ግን ዋጋ የለውም።

ዳኛ ሚሊሜትር ብቻ ቆጥሮ ይፍረድ ማለታችን አይደለም። የኒው ዮርክ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ከግማሽ ኢንች ጥቂት ከፍ ያለ የወለል ጠርዝ በቀረበለት ጊዜ፣ በልኬት ብቻ ወሰን ማስቀመጥን አልተቀበለም፤ ከከፍታው ጋር ስፋቱ፣ መልኩ፣ ጊዜውና ቦታው አብረው መታየት አለባቸው አለ። በዚያ ጉዳይ ከሳሿ ቢረቱም መርሑ ከላይ ካየነው ጋር ይስማማል፦ ከፍታና መታየት ተለያይተው አይመዘኑም።

ልኬቱን መጀመር ለሚፈልግ ተማሪ መሣሪያው በኪሱ ነው። የተለመደ እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሜ ገደማ ስለሆነ፣ ከስንጥቁ ዝቅ ባለው ጎን አስተኝቶ ጠርዙ ከእርሳሱ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ከ6.4 ሚሜ ማለፉን ያውቃል። ከዚያ በማስመሪያ ለክቶ፣ ማስመሪያው እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ማንሣትና ቀኑን መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ መለካት ግን አይበቃም። እንደ ቦሌ ባሉ የአዲስ አበባ ክፍሎች ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያሉት የኮንክሪት ንጣፎችና ኮብልስቶኖችም እኩል አይነሡም፣ እኩል አይወርዱም። በግንቦት 4 ሚሜ የነበረው ጠርዝ በመስከረም ስንት እንደሆነ የሚታወቀው እዚያው ነጥብ ላይ በኖራ ምልክት አድርጎ እንደገና በመለካት ነው።